የ«በልክ» ታፔላ

«የኔን ዕቃ አይነካም። ሌላ ሌላውን ተይው፤ ይኼን ግን አልክድም። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ሳይጠይቀኝ መርፌ እንኳን አንሥቶብኝ አያውቅም።»

ካፒቴን ይኼን የሰማው በጠዋት፣ ፊቱን ታጥቦ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል እንዳደረገ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ነው። ሚስቱ ሳሎን ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣ ከታናሽ እህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ጆሮ መጥባት አመሉ አልነበረም፤ ግን በሌለበት ሲመሰገን እየሰማ ዘወር የሚል ሰው የት አለ? ቆመ። እሷም ቀጠለች። ከአደባባዩ ወዲህ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጥባት የነበረችው ጠባብ ክፍል መለቀቋን፣ አከራዩ ለሷ ሊሰጣት ቃል መግባቱን፣ ቅዳሜ ቁልፍ ተረክባ የልብስ ስፌት ሱቋን እንደገና እንደምትከፍት ተናገረች። ከዚያ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አደረገችና፣ «አዲስ ታፔላ ምን ይሠራልኛል?» አለች። «ታፔላዬ እኮ አለ። ቁም ሳጥኑ ኋላ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት። ያንን ሳልሰቅል የተመለስኩ አይመስለኝም።»

ካፒቴን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመልሶ በሩን ዘጋና የታጠበ ፊቱን እንደገና ታጠበ። ታፔላው ቁም ሳጥኑ ኋላ የለም። ብርድ ልብሱ አለ፤ ባዶ እንዳይመስል ካርቶን ገብቶበት፣ እንደ ድሮው ተጠቅልሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ታፔላው ግን ሳሎን ነው ያለው። ከስፌት መኪናዋ በላይ፣ እሷ ስትቀመጥ ከራሷ ክንድ ተኩል ከፍ ብሎ፣ በናይለን ክር ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ አውሮፕላን ሆኖ።

ሰፈሩ ካፒቴን ይለዋል እንጂ ካፒቴን እንዳልሆነ ሰፈሩም ያውቃል። አንድም ቀን በሮ አያውቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአውሮፕላን ጥገና መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲረከብና ዕቃ ሲያወጣ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን በመጋዘኑ መስኮት አልፋ አታውቅም። ዋናው መሐንዲስ ራሱ፣ አውሮፕላኑ መነሻው ደርሶ፣ መንገደኛው ተሰልፎ፣ «አንዲት ብሎን በአደራ ስጠኝ፣ ወረቀቷን ኋላ አመጣለሁ» ብሎ ቢለምነው፣ ካፒቴን በብሎኗ ፈንታ ብዕር ነው ያቀበለው። ይኼን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራዋል፤ ሚስቱ በቃሏ ስለምታውቀው አንዳንድ ጊዜ መጨረሻውን ትቀድመዋለች። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ በመስኮት ብቻ ሲያያቸው የኖሩትን አውሮፕላኖች በትንሹ መሥራት ጀመረ። ተዘጋጅቶ በካርቶን የሚሸጠውን ተገጣጣሚ ዓይነት አይደለም፤ ያንን ይንቀዋል። የሱ ከባዶ ነው፤ ከጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ በቢላ፣ በማስመሪያና በብርጭቆ ወረቀት።

እዚህ ሥራ ላይ ሰውን የሚለየው ቢላው አይደለም፤ ፕላስቲክ መምረጡ ነው። ካፒቴን በሁለት ዓመት ውስጥ ይኼን በገንዘቡና በንዴቱ ተምሯል። ለሱ ፕላስቲክ ሁለት ዘር ነው፤ ጯሂና ዲዳ። በጥፍር ሲመቱት ድፍን ብሎ የሚቀረው፣ የጀሪካኑና የሳፋው ዓይነት፣ ዲዳ ነው፤ ማጣበቂያ ብታፈስበትም እንደ ውሃ ያንሸራትተዋል። ታፔላ ሠሪዎች የሚወዱት ፎሬክስ ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ቢላ እንደ ዳቦ ይገባለታል፣ ግን የመጀመሪያው አውሮፕላኑ ክንፍ በሳምንቱ እንደ ታመመ ዶሮ ወርዷል። አክሬሊክ ይጮኻል፣ ያምራል፣ እንደ መስታወት ያበራል፤ ሥራው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሰው እንደሚያስቀይም ዘመድ በመጨረሻው ሰዓት ይሰነጠቃል። ከተጣለ ማቀዝቀዣ በር ላይ የነቀለው ነጭ ሽፋን ዘሩ ትክክል ነበር፤ ግን ስሱ ስለሆነ ከጭራ በቀር ለሌላ አልሆነም። እሱ የሚፈልገው ሦስት ሚሊ ውፍረት ያለው ስታይሪን ነው። አንዴ በቢላ ጫር አድርገህ ብታጥፈው ቀጭ ብሎ በመስመሩ ይለያል። ሲሞርዱት ዱቄት ይሆናል እንጂ አይጎለጎልም። ጠርዙ ላይ አሴቶን፣ ያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ አንድ ጠብታ ሲነካው ሁለቱ ጠርዞች ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። «ይኼ ማጣበቅ አይደለም፣ ማጋባት ነው» ይል ነበር ካፒቴን። ሚስቱ ስትሰማ፣ «እኛ ስንጋባ ማን ነው የቀለጠው?» ትለዋለች።

ሦስት ሚሊ ስታይሪን ፍለጋ ሁለት ወር ተንከራተተ፤ አጣ። የአውሮፕላኑ ገላ አልቆ፣ ሞተሮቹ ተቀብተው፣ ክንፍ አጥቶ መደርደሪያ ላይ ተጋደመ። ከዚያ፣ የዛሬ ወር ገደማ፣ ሚስቱ ከቤት በሌለችበት ቀን፣ የጠፋች ነጠላ ጫማ ሲፈልግ ቁም ሳጥኑ ኋላ እጁን ሰደደና ብርድ ልብሱን ነካ። ውስጡ ያለውን በጥፍሩ መታው። ጮኸ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለው። ብርድ ልብሱን ፈታ። ነጭ ሰሌዳ፣ ሦስት ሚሊ፣ ጀርባው ንጹሕ፣ አንድ ጭረት የሌለበት። ፊቱን አዞረው። ግማሽ ስንዝር ቁመት ያላቸው ሦስት ጥቁር ሰማያዊ ፊደሎች፤ በልክ። ከሥሩ በትንንሹ፣ የሴቶች ልብስ ስፌት።

አላየሁም እንዳይል አየ። ይኼ ነው ኋላ እንቅልፍ የሚነሣው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ሱቁ ከተዘጋ አራት ዓመት ሆኖታል። የተዘጋውም በሌላ ሳይሆን በሱ ነው። ወገቡን በሐኪም የተቀደደ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ያገላበጠችው፣ ያጠበችው፣ ያቆመችው እሷ ናት፤ «እስኪሻልህ ነው» ብላ ነው ሱቁን የዘጋችው። እሱ ተሻለው። እሷ ግን ስለ ሱቁ አላነሣችም፤ እሱም አልጠየቀም። ቤት ውስጥ ለጎረቤት ገበር እየቀየረች፣ ዚፕ እየተከለች ዓመታቱ አለፉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለራሱ የነገረው ቃል እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። የሞተ ሱቅ ታፔላ ነው፣ አለ። ከዚያ ተነሥቶ የሷን ካውያ ሰካ። ጨርቅ ደርቦ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጎ፣ ፊደሎቹን እያሞቀ አንድ በአንድ ላጣቸው። ማጣበቂያውን በአልኮል ጠረገ። የተላጡትን ፊደሎች ጨብጦ እንደ ኳስ ካድቦለቦለ በኋላ የጣላቸው በራሱ ቤት ቆሻሻ መጣያ አይደለም፤ ሦስት ቤት አልፎ ነው። የማያፍርበትን ነገር ሰው ሦስት ቤት አልፎ አይጥልም።

ክንፎቹ አማሩ። ንጹሑን ጀርባ ወደ ላይ አደረገና ሞርዶ አሾለው፤ በፀሐይ ቢጫ ያለውን የታፔላውን ፊት ወደ ታች አዞረው። የአውሮፕላን ሆድ ማን ያያል? ላይኛውን ቀባ፤ ታችኛውን ሌላ ቀን ብሎ ተወው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ከጣሪያው ሲሰቅለው ወንበሩን የያዘችለት እሷ ናት። «ክንፍ አገኘህለት እንዴ?» አለችው። አገኘሁ አላት። ከየት እንዳትለው ፈርቶ ቶሎ ብሎ ስለ ሞተሮቹ ማውራት ጀመረ፤ እሷም አልጠየቀችም።

ዛሬ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ ሲወጣ ስልኩ ተዘግቶ፣ ሻይ ተቀድቶ፣ ዳቦው ተቆርጦ ነበር። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው ሥር ሊነካካ ምንም አይቀረው፤ ግን አልተነካካም። ስለ ሱቁ ትነግረኛለች ብሎ ጠበቀ። አልነገረችውም። እሱም ልንገራት ብሎ አፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ዳቦ አጎረሰው። በመጋዘን ሥራ ያሳደገው አንድ አባባል ነበር፤ ዝም አይነቅዝም። ቆጠራ ላይ ጉድለት ሲገኝ ቶሎ የሚያወራ ነው የሚያዘው፤ ዝም ያለ ዕቃውን ፈልጎ ይተካል። እና እዚያው፣ ሻዩን ሳይጨርስ፣ ሊተካ ወሰነ። ቅዳሜ ሳይደርስ ያንኑ የሚመስል ታፔላ አሠርቶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይመልሳል። ማንም አያውቅም። ወዴት እንደሆነ ስትጠይቀው የድሮ የሥራ ጓደኛ ጋ ነው አላት። ትንሽ አየችውና፣ «ሰላም በልልኝ» አለች።

ታፔላ ሠሪው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ግማሹን ፎቶ ኮፒ ቤት በያዘው ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ገርበብ ያለ በር፣ የቀለም ሽታ፣ ወለሉ ላይ እንደ ጥፍር የተከረከመ ባለ ቀለም ስቲከር። ሰውየው በዕድሜ የሱ እኩያ ነው፤ ወፍራም መነጽር አድርጓል፣ እጅጌው ላይ ራሱ የማያውቃት አንዲት ቀይ ፊደል ተለጥፋበታለች። ካፒቴን የሚፈልገውን ሲነግረው የመጀመሪያ መልሱ ፎሬክስ የሚል ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ፎሬክስ ነው፣ ቀላል ነው፣ ይረክሳል። ካፒቴን ሳይጨርስ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው አክሬሊክ አወጣለት። ካፒቴን ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። የዋህ ደንበኛ አለመሆኑ ሲገባው ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደ በሩ ኋላ ሄደና አቧራ የጠጣ ጥቅል ሰሌዳ ጎትቶ አመጣ። ከድሮ የቀረ ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም አለ። ካፒቴን አቧራውን በመዳፉ ጠርጎ በጥፍሩ መታው። ጮኸ። ማዕዘኑን ትንሽ አጠፍ አደረገው፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ታየ። ኪሱ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቢላ ከጥጉ ጥፍር ታህል ጫር አድርጎ ሰበረ፤ ቀጭ አለ። ውፍረቱን በመለኪያ አልለካውም፤ ጣቱ ሦስት ሚሊ መሆኑን ነገረው። ሁለት ወር ሲያጣው የከረመውን ነገር ዛሬ አገኘው። ያኔ ይኼን ምድር ቤት ቢያውቀው ኖሮ እዚህ የሚያደርሰው ነገር ባልኖረ። ይኼን ሲያስብ ያፈረው ጥፋቱን ሊያስተባብል በመሞከሩ ነው።

የሚጻፈውን ሲነግረው ሰውየው ብዕሩን አቆመ። መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው።

«በልክን እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለ። «ሴትዮዋ መስፈሪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ነው የመጡት። ሰሌዳውንም ራሳቸው ናቸው የመረጡት። በጣታቸው የስፌት ቆብ እየመቱ አዳመጡና፣ ይኼ ድምፅ አለው፣ ይኼን ስጠኝ አሉ። የክ እግር ተንሻፏል ብለው ሦስት ጊዜ አስቀየሩኝ። እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

ካፒቴን ባሏ መሆኑን ነገረው። በጥፍር መትቶ ማዳመጥን በዓለም ላይ የፈጠረው እሱ ይመስለው ነበር። አሁን ትዝ አለው፤ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ስትመርጥ፣ ሳሕን ስትገዛ፣ ሐብሐብ ስትገዛ፣ ጣቷ ላይ ባለው የስፌት ቆብ ቲክ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲያየው ኖሮ ከሷ እንደወሰደው እንኳን አላወቀም።

«ታዲያ የድሮው ምን ሆነ?» አለ ሰውየው።

«ተሰበረ።»

ታፔላ ሠሪው ካፒቴን አሁን የሰበራትን ጥፍር የምታህል ቁራጭ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አገላበጣት። «ስታይሪን እኮ ካልጫሩት አይሰበርም» አለ ቀስ ብሎ፤ ሊከስ ሳይሆን እንዲሁ የሙያ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት ስለማይችል። ከዚያ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ካፒቴን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚለውን ነገር ሰው ዝም ብሎ እንደማይለው ገባው። ማሽኑ ፊደሎቹን ሲቆርጥ ጥግ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሰውየው ሥራውን በጥንቃቄ ሠራ። የክን እግር ሳይነገረው ሁለት ጊዜ አስተካከለ። ዋጋውን ሲነግረው ካፒቴን ሳይከራከር ከፈለ፤ በሕይወቱ ሳይከራከር የከፈለው ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሰውየው በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠው፣ ሱቁ እንደገና መከፈቱን በመስማቱ ደስ እንዳለው ነግሮ ለሴትዮዋ ሰላምታ ላከ። ሁለት ሰላምታ ነው እንግዲህ፤ አንዱን የላከችው እሷ፣ አንዱን የላከላት ይኼ ሰው። ካፒቴን ሁለቱንም ማድረስ አይችልም።

ውጪ ፀሐዩ ላይ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ ሲያየው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ነጭ ነው። የድሮው አሥራ አንድ ዓመት መስኮት ላይ ቆሞ የሻይ ወተት ዓይነት መልክ አውጥቶ ነበር፤ ይኼ ግን እንደ አዲስ ጥርስ ያበራል። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ ካፒቴንም የሚያውቀውን እያወቀ አንድ ካፌ ጓሮ ገብቶ ወፍራም ሻይ አዘዘ። አስተናጋጇ ስኳር አምጥታ ስትመለስ የወረቀት መጥረጊያ ሻዩ ውስጥ እየነከረ ነጭ ሰሌዳ ሲያሽ አገኘችው። ስታይሪን ሻይ እንደማይጠጣ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚያ ከተማ ላይኖር ይችላል። ሻዩ ዶቃ ዶቃ እየሠራ በሰሌዳው ላይ ተንከባለለና ሱሪው ላይ ወረደ።

«አባባ፣ እሱን ላጽዳልዎ?» አለችው ልጅቷ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ።

አጸዳችለት። ፊደሎቹን እያነበበች፣ ቀስ ብላ፣ ጠርዙ እንዳይነሣ ተጠንቅቃ ጠረገችለት። ስፌት ቤት ሊከፍቱ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። የባለቤቴ ነው አለ። ታድለዋል፣ እንዲህ የሚደክምላቸው ባል አላቸው አለች። ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ቀን ያልሠራውን ተመሰገነ። ካፒቴን ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ጠረገ፤ ፊቱን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ አላገኘም።

ወደ ቤት ሲመለስ በእግሩ ነው የሄደው፤ ውሸቱን መንገድ ላይ ለማስተካከል። ነጭ መሆኑን ብታነሣ፣ «ጠረግሁልሽ» ይላታል። በሳሙና ጠረግሁት፣ አዲስ አስመሰልኩት፣ ለቅዳሜ ብዬ። ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በሹክሹክታ አለው። እየደጋገመው ሲሄድ አንድ ነገር ገባውና እግሩ ዘገየ። ይኼ ውሸት የሚያስመሰግነው ነው። ታመሰግነዋለች። ለእህቷም ደውላ ትነግራታለች። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ምስጋናዋን ተቀብሎ፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሱቋ በር ላይ በታፔላው ሥር ይገባል፣ ይወጣል። ደረጃው ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን ይዞ ብቅ አለና፣ «ካፒቴን! ዛሬ ደግሞ የምንድነው የተጠቀለለው?» አለው። ክንፍ ነው አለ ካፒቴን። አፉ ራሱ ነው ያለው።

ሳሎን ሲገባ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በመስኮቱ ተጋድሞ ገብቶ፣ ሚስቱ መኪናው ላይ የዘረጋችው ነጭ የገበር ጨርቅ ላይ አርፎ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ከታች ወደ ላይ የሚበራ ይመስላል። በዚህ ሰዓት እሱ ብዙ ጊዜ ቤት የለም፤ ካለም ይተኛል። ጥቅሉን ይዞ በጎኗ ወደ መኝታ ቤት ሊያልፍ ሲል መኪናዋን አቆመች። እጁ ላይ ያለውን አየች። ከወንበሯ ተነሣች።

«ና እስቲ እዚህ ተቀመጥ።»

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ዝቅ ያለ ነው፣ መደገፊያው ላይ የታሰረው ትራስ የሷን ጀርባ ቅርጽ ይዟል። ጥቅሉን ጉልበቱ መካከል አቁሞ ተቀመጠ። እሷ ጎኑ ቆመች።

«ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ። የጨርቁ ነጸብራቅ የአውሮፕላኑን ሆድ አብርቶታል። ከታች የግራው ክንፍ ቢጫ ነው፤ ቢጫው መሐል ግን ፀሐይ ያልነካው ንጹሕ ነጭ ነገር አለ። አሥራ አንድ ዓመት ፊደሎቹ የሸፈኑት ቦታ ሳይበልዝ፣ ቅርጹን እንደያዘ ቀርቷል። በሌሊት አምፖል ሲሠራ ያላየው፣ በዚህ ብርሃን ሕፃን ልጅ የሚያነበው ነበር። ክንና ከሥር የነበሩትን ትንንሽ ፊደሎች የክንፉን ቅርጽ ሲያወጣ ቆርጦ ጥሏቸዋል። ክንፉ ላይ የቀሩት ሁለቱ ፊደሎች ናቸው።

በል።

«የሰቀልከው ዕለት ከሰዓት ነው ያየሁት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈልጎ አጣ፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። «ብርድ ልብሱንም ያን ዕለት ፈታሁት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከላዬ ሆኖ በል ይላል። መጀመሪያ እኔን መስሎኝ ነበር። እኔን ቢሆንማ በይ ነበር የሚለኝ።»

ካፒቴን አንገቱን ሳይመልስ ቀና እንዳለ ቀረ።

«ጠዋት ስልኩ ላይ ማንም አልነበረም። ክፍሏ እውነት ናት፤ ቅዳሜም እውነት ነው። ስልኩ ግን ላንተ ነው። የኔን ዕቃ አይነካም ስል ከዚያ በር ብቅ ትልና ትነግረኛለህ ብዬ ነው። ዝም አይነቅዝም ትላለህ አንተ። ነቀዘ።»

«ጠረግሁልሽ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተሸከመው እሱን ነው። አሁንም ቢሆን ሌላ ቃል ሊያገኝ ይችል ነበር፤ አላወቅሁም፣ ጀርባውን ነው ያየሁት፣ ሳላዞረው ነው የቆረጥኩት። ማን ያስተባብለዋል? ፊደሎቹ ሦስት ቤት አልፈው ተጥለው፣ በቆሻሻ መኪና ከሄዱ ቆይተዋል። ጥቅሉን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘው፤ ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ።

«በል» አለች።

«ፊደሎቹን አይቻቸዋለሁ» አለ ካፒቴን። የገዛ ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ሆነበት። «ሳላውቅ አይደለም። አንብቤ፣ ተቀምጬ አስቤ ነው። በካውያሽ ነው የላጥኳቸው። ፕላስቲኩ ነው ያጓጓኝ፤ ለራሴ ግን የሞተ ሱቅ ነው አልኩት።»

ከታች የፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ ይሰማል። ዓይኗን ከአውሮፕላኑ ላይ አውርዳ አየችው።

«ሱቁ ነው የሞተ የመሰለህ፣ እኔ?»

ይኼን ጥያቄ አልጋው ጫፍ ላይ ታፔላውን ታቅፎ ሲቀመጥ አልጠየቀውም፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ካርቶን ሲጎዘጉዝም አልጠየቀውም። አሁን ሲጠየቅ መልሱን እንደሚያውቀው አወቀ፤ ያፈረውም በዚህ ነው። ሁለት ዓመት ሲያገላብጡት የኖሩትን እጆች አያቸው። ቀኝ ጣቷ ላይ ያ የስፌት ቆብ አለ። ዕንባ ባያስቸግረውም ዓይኑን ማንሣት አልቻለም። ምን እንደሚያደርግ ሲጠፋው ተነሥቶ አውሮፕላኑን ሊያወርድ እጁን ወደ ክሩ ዘረጋ።

«ተወው» አለች። «እዚያው ይሁን።»

እጁን መለሰና ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ ጥቅሉን ከጉልበቱ መካከል ወስዳ ጋዜጣውን ቀስ ብላ ገለጠች። ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄዳ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየች፤ የክ እግር ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ በስፌት ቆቧ ሰሌዳውን መታችና ጆሮዋን አስጠጋች። ጮኸ። አላመሰገነችውም። ቁም ሳጥኑ ኋላም አልወሰደችውም፤ የውጪ በሩ አጠገብ፣ ወጪ ገቢው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ፊቱን ወደ ክፍሉ አድርጋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ተመልሳ መጣችና ጎኑ ቆማ ነጩን ገበር በመዳፏ አስተካከለች።

«ተነሥ ከወንበሬ» አለችው። «ሥራ አለኝ።»

ተነሣ።